«አስቴኔስ» እና «ደካማ»፦ ስለ አንድ የግሪክ ቅጽል ፍችና አመሠራረት

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ያንድ መስመር የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ይመስላል። በጥንታዊው የግሪክ ቋንቋ ስለ ድካም ከሚነገሩት ቅጽሎች መካከል ዋነኛው «አስቴኔስ» ነው። ተማሪው መዝገበ ቃላቱን ይገልጥና «ደካማ» የሚለውን ፍች አግኝቶ ያልፋል። ፍቹ የተሳሳተ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት እዚህ ፍች ላይ የደረሱት በየራሳቸው መንገድ ነው። የግሪኩ ቃል ድካምን የሚናገረው «ብርታት የሌለው» እያለ፣ በመንፈግ ነው፤ የአማርኛው ግን የሆነውን ነገር በመንገር፣ ማለትም ሰውየው መድከሙን በመናገር ነው። ይህ ልዩነት በትርጕም ሥራ ላይ ምን እንደሚያስከትል፣ እንዲሁም «ደካማ» የሚለው ስያሜ በሰው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለአማርኛው ክፍል የታተሙትን መዛግብተ ቃላት ብቻ አልተከተልሁም። በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሲሪንቃ ከገበሬዎች አፍ የሰማሁትን አነጋገር ጨምሬበታለሁ። ሲሪንቃን የመረጥሁት ከሌላው የወሎ አማርኛ የተለየ ነገር አለባት ብዬ አይደለም፤ ቃሉን ለመሬትም፣ ለበሬም፣ ለሰውም በየዕለቱ ሲጠቀሙበት የማዳመጥ ዕድል ስላገኘሁ ነው። እንዲህ ያለው ቃል ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ከማሳ ዳር በደንብ ይሰማል።

የግሪኩ ቃል እንዴት ተሠራ?

«አስቴኔስ» ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው «አ-» የሚለው የአሉታ ምዕላድ ነው። ይህ ምዕላድ ከላቲኑ «ኢን-» እና ከእንግሊዝኛው «አን-» ጋር ካንድ ምንጭ የተገኘ ሲሆን፣ የሚቀጥለው ድምፅ አናባቢ በሚሆንበት ጊዜ በግሪክኛም «አን-» ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለባቸው። ባንድ በኩል የእኛው «አ-» (አበላ፣ አጠጣ፣ አደከመ) የማድረግ ምዕላድ እንጂ የአሉታ አይደለም፤ በሌላ በኩል ደግሞ «አልበላም»፣ «አልደከመም» ስንል የምንሰማው «አል-» አሉታ ቢሆንም ከግሪኩ ጋር የሚያዛምደው ነገር የለም። መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው ክፍል «ስቴኖስ» የሚለው ስም ነው፤ ፍቹም ብርታት፣ በሰውነት ያለ ጉልበት ማለት ነው። ሆሜር በ«ኢልያድ» የጦረኞቹን ጉልበት ሲያነሣ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። «አስቴኔስ» የሚለው ቅጽል ግን በሆሜር ዘንድ አይገኝም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት በነበሩት በባለቅኔው በፒንዳርና በታሪክ ጸሐፊው በሄሮዶቱስ ሥራዎች ውስጥ ነው የምናገኘው።

«ስቴኖስ» የሚመደበው ግንዳቸው በ«ስ» ከሚጨርስ የግሪክ ስሞች ጋር ነው። እነዚህ ስሞች ከሌላ ቃል ጋር ተጣምረው ቅጽል ሲሆኑ መድረሻቸው «-ኤስ» ይሆናል። በተባዕትና በአንስት ይህ «ኤ» ረጅም ነው፤ ተባዕትና አንስት የማይባለው ሦስተኛው ፆታ ደግሞ በአጭር «ኤ» ይነገራል። የእኛ ፊደል የአናባቢን ርዝመት ስለማያሳይ ሁለቱም በጽሕፈታችን «አስቴኔስ» ሆነው ይቀራሉ። ወንድና ሴት ባንድ ቅርጽ መጠራታቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ደካማ»ም «ደካማ ሽማግሌ»፣ «ደካማ አሮጊት» እየተባለ ሳይለወጥ ለሁለቱም ያገለግላል።

«ስቴኖስ» የሚለውን ቃል ተማሪዎች ሳያውቁት ያውቁታል። የአቴናው አፈ ጉባኤ ዴሞስቴኔስ ስሙ «ዴሞስ» (ሕዝብ) ከሚለው ቃልና ከ«ስቴኖስ» የተሠራ ነው። በአሌክሳንድርያ ሆኖ የምድርን ዙሪያ የለካው ኤራቶስቴኔስም በስሙ መጨረሻ ይህንኑ ቃል ይዟል። በዘመናችን የሕክምና ቋንቋ «ማያስቴኒያ ግራቪስ» የሚባለው ጡንቻን የሚያዝል በሽታ «ጡንቻ» ከሚለው የግሪክ ቃልና ከ«አስቴኔያ» የወጣ ነው። «ካሊስቴኒክስ» የሚባለው የሰውነት ማጎልመሻ እንቅስቃሴም ውበትንና ብርታትን ያጣመረ ስያሜ ነው። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ብርታቱ አለ፤ «አ-» ሲቀድመው ብቻ ይጠፋል።

እዚህ ላይ በአመሠራረቱ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነጥብ አለ። «አስቴኔስ» ማለት «ብርታት ያልሆነ» ማለት አይደለም፤ «ብርታት የሌለው ሰው ወይም ነገር» ማለት ነው። ጥምረቱ ባለቤቱን ከውጭ ያስቀምጠዋል። እኛም «እጀ ሰባራ»፣ «ልበ ሙሉ»፣ «ዓይነ ስውር» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ «ልበ ሙሉ» ሙሉ የሆነውን ልብ ሳይሆን ያንን ልብ የያዘውን ሰው ይጠራልና።

ከዚህ ቅጽል ነው «አስቴኔያ» (ድካም፣ ሕመም) የሚለው ስምና «አስቴኔኦ» (ደከመ፣ ታመመ) የሚለው ግሥ የወጡት። ቅደም ተከተሉ ይጠቅመናል። በግሪክኛ ስሙ (ብርታት) ይቀድማል፤ ስሙ በአሉታ ቅጽል ይሆናል፤ ከቅጽሉ ግሥ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ግሪካዊ «ታመምሁ» ሲል እንኳ በግሡ ውስጥ የተነፈገው ብርታት ተሸሽጎ ይገኛል። የአማርኛው መንገድ ተቃራኒ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

የፍቹ ስፋትም ከዚህ አመሠራረት ይመነጫል። ብርታት የጉልበት ከሆነ ያጣው ሰው ድውይ ነው፤ ብርታቱ የጦር ከሆነ ያጣው ከተማ ደካማ ነው፤ ብርታቱ የገንዘብ ከሆነ ያጣው ድኻ ነው። ሄሮዶቱስ በሁለተኛው መጽሐፉ ግብፃውያን ሬሳ የሚያደርቁባቸውን ሦስት መንገዶች ሲገልጽ፣ ርካሹና የመጨረሻው መንገድ ለማን እንደሆነ የሚናገረው ይህንኑ ቅጽል በማበላለጫ ቅርጹ ተጠቅሞ ነው፤ «በገንዘብ ይበልጥ አስቴኔስ ለሆኑት» እንደ ማለት። ወደዚህ ቦታ እመለስበታለሁ።

ከግሪክ ወደ ግእዝ፣ ከግእዝ ወደ አማርኛ

በአክሱም ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክ ወደ ግእዝ የመለሱት ሊቃውንት ይህን ቃል ሲያገኙ ምን አደረጉ? ግሪክኛ ለአክሱም እንግዳ አልነበረም፤ የንጉሥ ዔዛና ጽሑፍ በድንጋይ ላይ በግሪክኛም ተቀርጿል፤ በገንዘቦቹም ላይ የግሪክ ጽሑፍ አለ። የመሠራረቱን ምስጢር ሊያውቁት ይችሉ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ አሉታውን ገልብጠው «ኃይል አልቦ» የመሰለ ቃል አላበጁም። ግእዝ የራሱ ቃላት ነበሩት፦ ለሕመም «ደወየ» እና «ድዉይ»፤ ለድካም «ደክመ» እና «ድኩም»። አንዱ የግሪክ ቃል በሁለት ተከፈለ። አውግስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት በየቃሉ ሥር ከመጽሐፍ ቅዱስ የግሪክ አቻዎችን ስለሚሰጥ፣ ይህን መሰሉን አከፋፈል ለማጥናት የሚሻ ተማሪ አሁንም ከርሱ ቢጀምር ይጠቀማል።

«ድኩም» በሰዋስዋችን ሳድስ ውስጠ ዘ የሚባለው ወገን ነው፤ እንደ ቅቱል፣ እንደ ክቡር፣ እንደ ቅዱስ። በዚህ ቅርጽ ያለ ቅጽል አንድ ነገር መደረጉን ወይም መሆኑን ይናገራል፤ «የደከመ» ማለት ነው። በትግርኛም «ድኹም» በዚሁ ቅርጽ ቆሟል። በቃሉ ውስጥ አሉታ የለም፤ የጎደለ ነገርም አልተጠራም። ሥሩ ድ-ክ-ም አዎንታዊ ነው፤ ድካም በራሱ የሚመጣ፣ የሚሆን ነገር ነው እንጂ የሌላ ነገር አለመኖር አይደለም።

ይህ መከፈል ወደ አማርኛም ተሻግሯል። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስንመለከት፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ደቀ መዛሙርቱ እንዲፈውሷቸው የታዘዙት ሰዎች «ድውዮች» ተብለዋል፤ በምዕራፍ 26 ደግሞ በጌቴሴማኒ ስለ ሥጋ በተነገረው ቃል ላይ «ደካማ» የሚለው ተቀምጧል። በግሪኩ ሁለቱም ያንዱ ቃል ቤተሰብ ናቸው። አማርኛው አንባቢ ሕመምተኛውንና በሌሊት እንቅልፍ ያሸነፈውን ሥጋ የሚያስተሳስር ክር አያይም፤ የግሪኩ አንባቢ ግን ያያል። እስከዚህ ድረስ ግሪኩ አንድ ሲሆን የእኛው ሁለት ነው።

ቀጥሎ የምናየው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከፍ ያለ ክብደት ያለውም ይህኛው ነው። ግሪክኛ ለልፋት፣ ማለትም ሰው ሠርቶ ለሚደክመው ድካም፣ ፈጽሞ ሌላ ግሥ አለው፤ «ኮፒያኦ» ይባላል። ሰው ሲለፋ «ኮፒያኦ» ነው፤ ብርታት ሲያጣ «አስቴኔኦ» ነው። ሁለቱ በድምፅም በሥርም አይገናኙም። ግእዝም ለልፋት «ጻመወ» የሚል ራሱን የቻለ ግሥ፣ «ጻማ» የሚልም ስም ነበረው። «ጻመወ» ግን በአማርኛ ዕለታዊ ንግግር ውስጥ አልዘለቀም፤ ሥራውን «ለፋ» እና «ደከመ» ተካፈሉት። በዚህም የተነሣ አማርኛው «ደከመ» ሁለት የግሪክ ግሦችን ባንድ ትከሻ ተሸከመ።

ምሳሌው ካንድ ጸሐፊ ይወሰድ። ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 15 ከሌሎቹ ሐዋርያት ይልቅ መሥራቱን ሲናገር የ1954ቱ ትርጕም «ደከምሁ» ይላል፤ ግሪኩ «ኮፒያኦ» ነው። በሁለተኛይቱ መልእክት ምዕራፍ 12 ስለ ብርታቱና ስለ ድካሙ በሚናገርበት የታወቀ ቦታ ደግሞ «ስደክም» የሚል እናነባለን፤ ግሪኩ «አስቴኔኦ» ነው። ግሪኩን የማያውቅ አንባቢ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ብርሃን ቢያነብብና «በሥራ ብዛት ስደክም» ብሎ ቢረዳው ማን ይፈርድበታል? ቋንቋው ፈቅዶለታል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ሌሎች በደከሙበት እርሻ ሌሎች አጫጆች እንደሚገቡ የሚናገረው ቃል ግን ጥርጥር የለበትም፤ እዚያ ያለው ድካም የገበሬ ልፋት ብቻ ነው።

ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ በሁለት ከፍየ ነው የማየው። ለትርጓሜ ተማሪ አደገኛ ነው፤ «ድካም» የሚለውን ቃል ባገኘ ቁጥር ከሥሩ የትኛው ግሥ እንዳለ መጠየቅ አለበት። ለአማርኛ ግን ሀብት ነው፤ ምክንያቱም የልፋትን ስምና ያቅም ማነስን ስም ባንድ ሥር ማስቀመጥ፣ ሰው ብርታቱን የት እንዳጠፋው ቃሉ ራሱ እንዲናገር ያደርገዋልና።

«ደካማ» እንዴት ተሠራ?

ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በታተመው ያማርኛ መዝገበ ቃላታቸው ቃላትን ያሰናዱት በአበገደ ተራ ነው፤ «ደ»ን በሀለሐመ ልማድ ከመጽሐፉ ወገብ በታች የሚፈልግ ተማሪ እንዳይደናገር። የተወላጆቹንም ነገር ከግሡ ጀምሮ መከተል ይበጃል፤ ቅጽሉ ካንድ ግሥ መውጣቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና።

«ደካማ» ከ«ደከመ» የወጣው፣ ቀደም ሲል በግሪኩ ካየነው በተቃራኒ፣ ግሡ ቀድሞ ቅጽሉ ተከትሎ ነው። ቅርጹ በሦስት ፊደል ግሦች ዘንድ ግዕዝ፣ ራብዕ፣ ራብዕ ነው። ከሰበረ ሰባራ፣ ከቀደደ ቀዳዳ፣ ከጠመመ ጠማማ፣ ከጎበጠ ጎባጣ፣ ከቆረጠ ቆራጣ፣ ከገጠበ ገጣባ እንላለን። ዝርዝሩን ያየ ሰው አንድ ነገር አይስተውም፤ አብዛኞቹ አንድ ነገር ከደረሰ በኋላ የቀረውን ጉዳት ይሰይማሉ። «ገናና»ን የመሰለ ቃል ስላለ ቅርጹ የጉዳት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በአራት ፊደል ግሦችም «ጠንካራ» (ከጠነከረ)፣ «ደንዳና» (ከደነደነ) አሉ። እዚህ ላይ ከግሪኩ ጋር ያለው ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ደካማና ጠንካራ ተቃራኒ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ላይ አልተሠራም። ሁለቱም ከየግሣቸው፣ ባንድ ዓይነት ስልት ወጡ። በግሪክኛ ብርታት የሚለው ቃል ከሌለ «አስቴኔስ» አይኖርም፤ በአማርኛ «ጠንካራ» የሚለው ቃል ከነጭራሹ ባይፈጠር «ደካማ» ምንም አይጎድለውም።

እርግጥ አማርኛም በመንፈግ የሚሠራባቸው መንገዶች አሉት። «የለሽ» (ወደር የለሽ)፣ «አልባ» (ቤት አልባ)፣ በጽሑፍ ደግሞ «ኢ-» (ኢሰብአዊ፣ ኢፍትሐዊ) አሉን። «ኃይል አልባ» ቢባል የ«አስቴኔስ» ቁርጥ ግልባጭ ነው፤ ሆኖም ሕይወት የለውም፤ ስለ አንዲት አሮጊት «ኃይል አልባ ናት» ብሎ የሚናገር ሰው በመንደር አላጋጠመኝም። ለግሪኩ የሚቀርበውና በአፍ የሚነገረው «አቅመ ቢስ» ነው። እዚህም ቢሆን «ቢስ» አሉታ አይደለም፤ ከግእዙ «ብእሰ» (ከፋ) ጋር የሚዛመድ ነው። «ዕድለ ቢስ» ዕድሉ የከፋ እንጂ ዕድል የሌለው አይደለም። በዚህም አማርኛ ባዶነትን ከመጥራት ይልቅ መክፋትን መጥራት መረጠ። «አቅመ ደካማ» የሚለው ጥምረት ደግሞ አቅም መኖሩን ይቀበላል፤ የደከመው እሱ ነው ይላል። «ልፍስፍስ» እና «ዝልፍልፍ» በሌላ መንገድ የሚሄዱ ናቸው፤ ፊደል እየደጋገሙ ድካሙን በድምፅ ይሥሉታል፤ የስድብ ጠረንም ስላላቸው እዚህ አልገባባቸውም።

በሲሪንቃ ማሳና በቀበሌ ጽሕፈት ቤት

የሲሪንቃ ስም በግብርና ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው በምርምር ማዕከሉ ነው። ማዕከሉ ከሚሠራባቸው ሰብሎች አንዱ ማሽላ ሲሆን፣ የማሽላ ጠላት ደግሞ አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥጥ፣ አበባው የሚያምር ጥገኛ አረም ነው። ስሙ በእኔ ግምት «ቀነጨረ» ከሚለው ግሥ ቤት ነው፤ የሚያቀነጭር ማለት ነው። የተመታው ማሽላ «ቀንጫራ» ይባላል፤ ቅርጹ የ«ጠንካራ» ቅርጽ ነው። ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ገበሬው ማሽላው ለምን እንደ ቀነጨረ ያውቃል፤ በሥሩ የሚመጥጠው አለ። «ደካማ መሬት» ሲልም እንዲሁ ነው፤ ሳያርፍ ዓመት ዓመት ስለታረሰ የደከመ ማለቱ እንጂ ሲፈጠር ለምነት ያልነበረው ማለቱ አይደለም። ከመጀመሪያውም ድንጋያማ ለሆነው ሌላ ስም ይሰጠዋል። በሬም ደካማ የሚባለው ያረሰ በሬ ነው። ጥጃ ከሲታ ይሆናል እንጂ ደካማ ሲባል አልሰማሁም።

በግሡ ላይ ያለው ልዩነት ከዚህም ይረቅቃል። ከእርሻ የገባ ሰው «ደከመኝ» ይላል። እዚህ ሰውየው ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢ ነው። ድካሙ እንደ ረኃብና እንደ ብርድ (ራበኝ፣ በረደኝ) ከውጭ መጥቶበታል፤ ሲያርፍ ይሄዳል። «ደከምኩ» ሲል ግን ራሱ ባለቤት ነው፤ ወይ ለፍቷል፣ ወይ ጉልበቱ አልቋል። «ልጆቼን ያሳደግሁት ደክሜ ነው» ሲል የመጀመሪያው፣ «እኔስ ደከምኩ፤ ተረኛው ይያዘው» ሲል ሁለተኛው ነው። «ድካምህን ይቁጠርልህ» የሚለው ምርቃት ደግሞ ድካም የሚቆጠር፣ የሚታሰብለት ነገር መሆኑን ያሳያል። ብርታት ማጣት አይቆጠርም፤ ልፋት ነው የሚቆጠረው።

በወንፈልና በደቦ መካከል ያለው ልዩነትም ለ«ደካማ» ፍች ይጠቅማል። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ የኔን ብታጭድ ነገ ያንተን አጭዳለሁ። ብድሩን መመለስ የማይችል፣ ጉልበቱ ያለቀ ሽማግሌ ወይም ጧሪ የሌላት አሮጊት ከወንፈል ይወጣሉ፤ እነርሱ በደቦ ይታጨድላቸዋል። ስለዚህ በማኅበራዊ ኑሮ «ደካማ» ማለት በተግባር ጉልበት ማበደር ያቃተው ማለት ነው። ቀድሞ ግን አበድሮ ነበር። የሚያጭዱለት ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ደቦው ምጽዋት አይመስልም።

ቃሉ መንግሥታዊ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሀብሩን ወረዳም ይዟል። ተጠቃሚዎቹ በሁለት ተከፍለዋል፦ ጉልበት ያላቸው እርከን በመሥራትና በመሳሰለው የማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፈው የሚከፈላቸውና፣ መሥራት ስለማይችሉ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጣቸው። የሁለተኛዎቹ ስም በየዝርዝሩ «አቅመ ደካሞች» ነው። እንግዲህ አንድ ቅጽል እህል ወይም ገንዘብ የሚያስገኝ ሆነ ማለት ነው። አንድ የሲሪንቃ ሽማግሌ ስለዚህ ዝርዝር ሲነሣ «እኔ ደክሜአለሁ እንጂ ደካማ አይደለሁም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን አልጠሉም፤ ስሙን ነው የጠሉት።

የሽማግሌው አባባል ከዚህ በላይ ያልሁትን ያፈርሰዋልን? አያፈርሰውም፤ ግን ያርመዋል። «ደክሜአለሁ» ባለቤትና ጊዜ አለው፤ ማን፣ መቼ፣ በምን የሚሉ ጥያቄዎችን ይቀበላል። «ደካማ» ግን እንደ «ሰባራ» ነው። «የተሰበረ ገንቦ» ስንል ሰባሪና የመሰበር ቀን አለ፤ «ሰባራ ገንቦ» ስንል ግን ገንቦውን ብቻ እናያለን። ይህ የቅጽል ቅርጽ ድርጊቱን ወልዶ ድርጊቱን ይረሳል። ሽማግሌው የተሟገቱት ለዚያ ለተረሳው ድርጊት፣ ላረሱበት ዘመን ነው። እንግዲህ «ደካማ» ከግሥ የተወለደ ቢሆንም፣ በዝርዝር ላይ ሲጻፍ ወደ ግሪኩ ይጠጋል፤ ጉልበት የሌለው ማለት ብቻ ይሆናል። «ደክሜአለሁ» ግን እዚያ አይደርስም።

የሚያስገርመው፣ አቴናም ይህንኑ ችግር ታውቀው ነበር። ከተማይቱ አካላቸው ለተጎዳና ሠርተው መኖር ለማይችሉ ድኾች ዜጎች የዕለት ገንዘብ ትሰጥ ነበር። በሕጉ ውስጥ የተጠሩበት ስም «አስቴኔስ» አይደለም፤ «አዱናቶስ» ነው፤ በዚያው በ«አ-» የተሠራ፣ «የማይችል» ማለት ነው። አርስቶትል የጻፈው ነው በሚባለው የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት መጽሐፍ፣ ንብረታቸው ከሦስት ምናን በታች የሆነና ሥራ መሥራት የማይችሉ ሰዎች በምክር ቤቱ ተመርምረው በቀን ሁለት ኦቦል እንደሚሰጣቸው ተጽፏል። ከዚያ በፊት በሉስያስ ዘመን አንድ ኦቦል ነበር። ሉስያስ ለአንድ እንዲህ ላለ ሰው የጻፈለት የመከላከያ ንግግር እስከ ዛሬ አለ። ከሳሹ ሰውየው በፈረስ ሲሄድ ስለታየ ይችላል፣ ገንዘቡም አይገባውም ብሏል። ተከሳሹ ደግሞ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ መሆኑን፣ ፈረሱንም የሚዋሰው እግሩ ስለማያደርሰው መሆኑን እየቀለደ ይመልሳል። የክርክሩ ጭብጥ በሙሉ «አ-» በምትባለው ፊደል ላይ ያርፋል፤ ይችላል ወይስ አይችልም? በመንፈግ የተሠራ ቃል ሦስተኛ መልስ አይቀበልም። «ድሮ እችል ነበር» የሚል መከላከያ ለምክር ቤቱ ምንም አይፈይድም፤ ለሲሪንቃው ሽማግሌ ግን ዋናው ነገር እርሱ ነበር።

ስለ አተረጓጐም

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ለተርጓሚ ነው። የጥንት ግሪክ ሥራዎች ከራሱ ከግሪክኛው ወደ አማርኛ ሲመለሱ «አስቴኔስ» በየገጹ ይገጥማል። በየቦታው «ደካማ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ግን አንባቢው ሰውየው ለፍቶ እንደ ደከመ አድርጎ ሊያነብበው ይችላል፤ ግሪኩ ይህን አላለም። ስለ በሽተኛ ሲሆን «ድውይ» ወይም «ሕመምተኛ» የተሻለ ነው። በጦር ስለተበለጠ ከተማ ሲሆን «ኃይል ያነሰው» ይስማማል። «ደካማ»ን ለሥጋና ለፈቃድ፣ ለእርጅናም ማቆየት ይሻላል። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 14 የ1954ቱ ተርጓሚዎች «ደካማ» ማለት ሲችሉ «የደከመ» የሚለውን ቅርጽ መምረጣቸው ጥሩ ጆሮ እንደ ነበራቸው ያስረዳል፤ ግሪኩም እዚያ ቦታ ላይ ቅጽል ሳይሆን ከግሡ የወጣ ቅርጽ ነው፤ ሰውየው በእምነት የደከመ እንጂ ደካማ ሆኖ የተፈጠረ አይደለምና።

ሄሮዶቱስ ስለ ሬሳ ማድረቅ የተናገረበትን ቦታ በተመለከተ፣ «በገንዘብ ደካማ የሆኑት» ማለት አማርኛ አይደለም፤ «ድኾች» ማለትም የማበላለጫውን ነገር ይጥላል። በሲሪንቃ ገበያ ሰው በግ ዋጋው ከብዶት ዶሮ ገዝቶ ሲመለስ «እጅ አጠረኝ» ይላል። ገንዘብ የለኝም አላለም፤ የዘረጋው እጅ በጉ ዘንድ አልደረሰም ማለቱ ነው። በኔ ትርጕም ሦስተኛውን መንገድ የሚመርጡት ግብፃውያን «እጅ ያጠራቸው» ይባላሉ።